ከሩቁ ማሽን ሲታይ

ከኦፕንኤስኤስኤች ጋር አብሮ የሚመጣው ማኑዋል ስለ ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚናገረው በጥቂት አንቀጾች ብቻ ነው። ሥዕል የለውም፤ «በጣም ቀላል ነው» እያለ አንባቢን አያባብልም፤ የሚለውን ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ያም ሆኖ በቴክኒክ ጽሑፍ ውስጥ የተጣራ ሥራ አሳየኝ የሚል ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የምከፍትለት እነዚህን አንቀጾች ነው። ለዓመታት ሲያነቧቸው የኖሩት የሲስተም አስተዳዳሪዎችና ፕሮግራመሮች ነበሩ። አሁን ሌላ አንባቢ መጥቷል፤ በሰው ትእዛዝ ተርሚናል ከፍቶ ኮማንድ የሚጽፍ፣ የወጣለትን መልስ አንብቦ ቀጣዩን እርምጃ የሚወስን የኤአይ ኤጀንት። ለዚህ አንባቢ መመሪያ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሥራ እየሆነ ስለመጣ፣ እነዚያን የቆዩ አንቀጾች እንደገና በዚህ ዓይን አነበብኳቸው። አድናቆቴ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ዳታቤዝ ከፋየርዎል ጀርባ ተቀምጧል እንበል፤ ከውጭ በቀጥታ አይደረስበትም። ወደዚያ ኔትወርክ የሚያስገባ አንድ የኤስኤስኤች ሰርቨር ግን አለ። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት በራስ ላፕቶፕ ላይ አንድ ፖርት ከፍቶ፣ እዚያ የገባውን ሁሉ በተመሰጠረ መስመር ወደ ሰርቨሩ ማሻገርና ከዚያ ለዳታቤዙ ማድረስ ነው። የግቢ ዘበኛ ከደጅ የተቀበለውን መልእክት እልፍኝ ላለው ሰው እንደሚያደርሰው ማለት ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕሮግራም ዳታቤዙ እዚያው አጠገቡ ያለ ይመስለዋል።

ኤስኤስኤችን እ.ኤ.አ. በ1995 የጻፈው ፊንላንዳዊው ታቱ ኢሎነን ነው። የሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ አንድ ሰው አድብቶ ፓስወርዶችን ሲለቅም ከተገኘ በኋላ ነው ሥራውን የጀመረው። ለፕሮግራሙ 22 ቁጥር ፖርት እንዲሰጠው ጠየቀ፤ 21 የኤፍቲፒ፣ 23 የቴልኔት ነበሩና እሱ ሊተካቸው ካሰባቸው ከሁለቱ መሃል ተቀመጠ። ኦፕንኤስኤስኤች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች ነጻ ፈቃድ ከነበረው የቀድሞ ቅጂ ተነስተው ያቃኑት ነው። ለእኔ ወሳኙ እነዚህ ሰዎች መመሪያን የሚያዩበት መንገድ ነው። በኦፕንቢኤስዲ ባህል የመመሪያ ስህተት ልክ እንደ ኮድ ስህተት ይቆጠራል፤ ፕሮግራሙ ሲቀየር ገጹም አብሮ ይቀየራል። የምናደንቃቸው አንቀጾች የተወለዱት ከዚህ ጥብቅነት ነው።

እስቲ አንዱን ቀርበን እንየው፤ ከሰረዝ ቀጥሎ በትልቁ ኤል የሚጻፈውን አማራጭ። ሦስት ነገሮች በሁለት ነጥብ ተያይዘው ይከተሉታል፤ መጀመሪያ እዚህ የሚከፈተው ፖርት፣ ቀጥሎ የመድረሻው ሆስት፣ መጨረሻ ላይ የመድረሻው ፖርት። ለምሳሌ 5433:ሎካልሆስት:5432። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ በተለምዶ የሚያዳምጠው 5432 ላይ ነው። መሃል ያለው ሎካልሆስት ግን የማን ነው? ጀማሪ ሁሉ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ሎካልሆስት ሲባል «ይህ ፊቴ ያለው ላፕቶፕ» ይመስላል። የመድረሻውን ስም የሚፈታውም ሆነ ግንኙነቱን የሚከፍተው ሩቅ ያለው ሰርቨር ስለሆነ፣ እዚህ ቦታ ሎካልሆስት ማለት ሰርቨሩ ራሱ ነው።

ማኑዋሉ ይህን ለማስረዳት አንድ ገጽ አልፈጀም። ወደ ፖርቱ ግንኙነት በመጣ ቁጥር በአስተማማኙ መስመር እንደሚሻገር ይናገርና፣ ወደ መድረሻው የሚደረገው ግንኙነት ከሩቁ ማሽን እንደሚነሳ ጨምሮ ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋል። ያ ጭማሪ ቢወጣ ዓረፍተ ነገሩ አይጎድልም ነበር፤ ማንም ስህተት ነው አይለውም። የጻፈው ሰው ግን አንባቢው ከየት ሆኖ እንደሚያይ፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ከየት ሆኖ እንደሚሠራ ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ሁለቱ የሚለያዩበትን ትክክለኛ ቦታም ያውቅ ነበር። ከዚያ በፊት ስንት ሰው እዚያ ቦታ ላይ ሰዓታት አጥፍቶ ይሆን ብዬ ሳስብ፣ የዚያን ጭማሪ ዋጋ ከብዙ ምዕራፍ አስበልጣለሁ።

ለኤጀንቱ ይህ ጭማሪ ከሰው ይልቅ ያስፈልገዋል። ኤጀንት ስለ ኤስኤስኤች የሚያውቀው ብዙ ነው፤ የሚቸግረው ዙሪያውን ማየት ነው። ፕሮግራመሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላፕቶፕ ያያል፤ ሰርቨሩ ሌላ አገር እንዳለ ያውቃል። ኤጀንቱ ግን ራሱ ያለው ምናልባት ኮንቴነር ውስጥ ነው፤ ኮንቴነሩ ላፕቶፕ ውስጥ፤ ላፕቶፑ ከቤት ራውተር ጀርባ፤ ሰርቨሩ ከሌላ ፋየርዎል ወዲያ። እነዚህ ሁሉ «ሎካልሆስት» የሚል ስም አላቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ትርጉሙ ይለያያል። ስለዚህ ለኤጀንት የሚጻፍ የፖርት ፎርዋርዲንግ መመሪያ አድራሻ በጠራ ቁጥር አድራሻው ከየትኛው ማሽን እንደሚታይ ካልተናገረ፣ የቀረው ሁሉ ቢያምር ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው የማደንቀው ቦታ ከዋናው ገጽ ውጪ፣ በኮንፊገሬሽን ማኑዋሉ ውስጥ ነው ያለው። ኤግዚትኦንፎርዋርድፌይለር የሚባል ቅንብር አለ። መነሻ ዋጋው «አይ» ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በተግባር ላሳይ። 8080 ፖርትን ለመክፈት ጠየቅን፤ ፖርቱን ግን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። ኤስኤስኤች አድራሻው አስቀድሞ መያዙን የሚገልጽ መስመር ያትማል፤ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ግንኙነቱን ይቀጥላል። ሰው ከሆነ መስመሩን ያይ ይሆናል። ስክሪፕት ወይም ኤጀንት ከሆነ ግን ግንኙነቱ ስለተሳካ ፎርዋርዱም የተሳካ መስሎት ወደ 8080 ይልካል፤ መልስም ያገኛል። መልሱ የሚመጣው ከማያውቀው ሌላ ፕሮግራም ነው። ከዚህ የከፋ ስህተት የለም፤ ምክንያቱም ስህተት አይመስልም። ቅንብሩን «አዎ» ስንለው ኤስኤስኤች የተጠየቀውን ሁሉ መክፈት ካልቻለ ያቋርጣል፤ የሚመልሰውም የመውጫ ቁጥር 255 ነው።

ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ ያቆም ነበር። ማኑዋሉ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ይህ ቅንብር በፎርዋርዱ ውስጥ የሚያልፉትን ግንኙነቶች እንደማይመለከት፣ ለምሳሌ የመጨረሻው መድረሻ መልስ ባይሰጥ ኤስኤስኤች እንደማይወጣ ለይቶ ይናገራል። ምን እንዳደረገ ልብ እንበል። በሩ መከፈቱና ከበሩ ወዲያ ሰው መኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቅንብሩ የሚያረጋግጠው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ጸሐፊውም ስለ ሁለተኛው በሐሰት እንዳንተማመን ራሱ ቀድሞ ይነግረናል። የመሣሪያውን ጥቅም ከዘረዘሩ በኋላ የጥቅሙን ጠርዝ እዚያው ላይ ማስመር ከጸሐፊ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ገጹን የሚያሳጥር ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ነውና።

ኤጀንት ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ቀጣዩን ሥራ ከውስጡ ያወጣዋል፤ ፎርዋርዱ ከተከፈተ በኋላ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ልኮ መድረሻው መኖሩን መፈተሽ። ማኑዋሉ «ፈትሽ» ብሎ አላዘዘም። የቱ እንደተረጋገጠ፣ የቱ እንዳልተረጋገጠ አስቀመጠ፤ ትእዛዙ ከዚያ ራሱ ይከተላል። ለኤጀንት ብለው የሚጻፉ አንዳንድ ገጾች በ«ፈጽሞ»ና በ«ሁልጊዜ» ተሞልተው አያለሁ። ምክንያቱ ያልተነገረው ክልከላ ያልታሰበ ሁኔታ ሲገጥመው ይሰበራል፤ ምክንያቱን የያዘ ዓረፍተ ነገር ግን አዲስ ሁኔታም ላይ ይሠራል።

ሌላው የኤጀንት ችግር መጠበቅ ነው። ኤጀንት ኮማንድ ይሰጣል፤ ኮማንዱ ሲያልቅ መልሱን ያነባል። ፖርት ፎርዋርድ ደግሞ በተፈጥሮው የማያልቅ ኮማንድ ነው፤ ክፍት እስካለ ድረስ ይሠራል። ከሰረዝ ቀጥሎ ትልቁ ኤን ሲጻፍ ሩቅ ምንም ኮማንድ ሳይሠራ መስመሩ ብቻ ይከፈታል፤ ተርሚናሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰው ይህን ዝምታ «እየሠራ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ኤጀንት ግን እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ጊዜው ሲያልፍበትም ሳይሳካ ቀረ ብሎ ይደመድማል፤ ቀጥሎም ሁለተኛ ይከፍታል። ትንሿ ኤፍ ይህን ትፈታለች፤ ኤስኤስኤችን ወደ ጀርባ ትልከዋለች። ማኑዋሉ እዚህም ወሳኙን ይጨምራል። ኤግዚትኦንፎርዋርድፌይለር «አዎ» ከሆነ፣ በኤፍ የተጀመረው ክላይንት ወደ ጀርባ ከመሄዱ በፊት በሩቅ በኩል የሚከፈቱት ፎርዋርዶች ሁሉ መከፈታቸውን ይጠብቃል። ማለትም ኮማንዱ ተመልሶ የመጣበት ቅጽበት ራሱ ምልክት ይሆናል፤ በ0 ከተመለሰ በሩ ተከፍቷል፤ በ255 ከተመለሰ አልተከፈተም። ሴኮንድ እየቆጠሩ መገመት ቀረ። ይህን ያደረጉት ስክሪፕት ለሚጽፉ ሰዎች ብለው ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ለኤጀንት ልክ ሆኖ ተገኘ።

ማኑዋሉ ስለ ቲሲፒ ፎርዋርዲንግ ብቻ የሚናገር አጭር ክፍል አለው፤ ምሳሌው የዘጠናዎቹን ዘመን ይሸታል። አይአርሲ የሚባለውን የጥንት ቻት ያልተመሰጠረ ግንኙነት በ6667 ፖርት አሻግሮ ያሳያል። ምሳሌው ያረጀ ይሁን እንጂ አሠራሩ እስካሁን አቻ አላየሁለትም። በኤፍ ወደ ጀርባ ይልከዋል፤ ሩቁ ማሽን ላይ ደግሞ ለ10 ሴኮንድ ተኝቶ የሚነሳ ኮማንድ ይሰጠዋል። 10 ሴኮንዱ የቻት ፕሮግራሙን አስነስቶ በተከፈተው መስመር ለማስገባት ይበቃል። ከገባ፣ ግንኙነቱ እስኪዘጋ ኤስኤስኤች ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንም ካልገባ ኤስኤስኤች ራሱ ይወጣል። ምሳሌው የከፈተውን በር ራሱ ይዘጋል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምሳሌ ጥራት የሚለካው እዚህ ይመስለኛል። ሰውም ሆነ ኤጀንት ከመመሪያ የሚወስደው ማብራሪያውን ሳይሆን ምሳሌውን ነው፤ ገልብጦ ስሙን ይቀይርና ያስኬደዋል። ስለዚህ ምሳሌው የረሳውን አንባቢውም ይረሳዋል። በይነመረብ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ የፖርት ፎርዋርዲንግ ምሳሌዎች መክፈትን አሳይተው ያበቃሉ፤ ስለ መዝጋት የሚናገር ጥቂት ነው። በኤጀንት እጅ ይህ ጉድለት ይባዛል። ኤጀንት በቀን ብዙ ጊዜ ይከፍታል፤ ሥራው ሲያልቅ ክፍለ ጊዜው ይዘጋል፤ ጀርባ የሄደው ኤስኤስኤች ግን እዚያው ይቀራል። ማታ ላይ ማሽኑ ባለቤት በሌላቸው ክፍት ፖርቶች ተሞልቷል። የማኑዋሉ ጸሐፊ ከብዙ ዓመት በፊት ምሳሌውን ሲመርጥ የመዝጋቱን ነገር በውስጡ ሰፍቶ አስቀመጠው፤ የገለበጠ ሁሉ ሳያውቀውም ቢሆን ይዘጋል።

የበለጠ ቁጥጥር ለሚፈልግ ሌላ መንገድ አለ። አንድ ዋና ግንኙነት በሶኬት ፋይል ይያዝና፣ በትልቁ ኦ አማራጭ በኋላ ይጠየቃል፤ አለህ ወይ ተብሎ፣ ይህን ፎርዋርድ ጨምር ተብሎ፣ ያንን ሰርዝ ተብሎ፣ ውጣ ተብሎ። በተገላቢጦሹ ፎርዋርድ፣ ማለትም በትልቁ አር፣ ፖርቱን 0 ብሎ ከሰጡት ሰርቨሩ ነጻ የሆነ ቁጥር ራሱ ይመርጣል። ማኑዋሉ የተመረጠው ቁጥር ለክላይንቱ እንደሚነገር ይገልጻል፤ በትልቁ ኦ በኩል ከተጠየቀ ደግሞ ቁጥሩ በመደበኛው ውጤት ላይ እንደሚታተም ለይቶ ይጨምራል። ለሰው ይህ ልዩነት ቀላል ነው። ቁጥሩን አንብቦ ለቀጣዩ ኮማንድ ለሚሰጥ ፕሮግራም ግን መልሱ የት እንደሚወጣ ማወቅ ሥራው ሁሉ ነው። ሁለት ኤጀንቶች በአንድ ሰርቨር ላይ ያንኑ ፖርት ሲሻሙ የሚያስታርቃቸውም ይኸው 0 ነው።

ትልቁ አር ላፕቶፕ ላይ ያለን ነገር በሰርቨሩ በኩል ለውጭ የሚያሳይ ስለሆነ አደጋም አለው። ማኑዋሉ መነሻ ሁኔታውን አስቀድሞ ይናገራል፤ በሰርቨሩ ላይ የሚከፈተው ፖርት ለሰርቨሩ ለራሱ ብቻ ነው የሚታየው። ሁሉም እንዲያየው ከተፈለገ አድራሻውን ባዶ መተው ወይም ኮከብ ምልክት መስጠት ይቻላል፤ ግን የሚሳካው በሰርቨሩ በኩል ጌትዌይፖርትስ የሚባለው ቅንብር ከተፈቀደ ብቻ ነው። አንድ ነገር ካልሠራ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ እዚያው ታወቀ። ይህን ያላነበበ ኤጀንት ኮማንዱን እየቀያየረ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ያነበበው ግን የሰርቨሩን ባለቤት መጠየቅ እንዳለበት ለአዛዡ ይነግረዋል።

ጉድለትም አለው፤ አልሸፋፍነውም። ከላይ የጠቀስኳቸው ነገሮች በሦስት ገጾች ተበትነዋል፤ አማራጮቹ በክላይንቱ ማኑዋል፣ ኤግዚትኦንፎርዋርድፌይለር በክላይንቱ ኮንፊገሬሽን ገጽ፣ የሰርቨሩ ፈቃድ በሰርቨሩ ኮንፊገሬሽን ገጽ። እያንዳንዱ ገጽ ወደ ሌላው ይጠቁማል፤ ታጋሽ ሰው ተከትሎ ይሄዳል። ኤጀንት ግን ብዙውን ጊዜ የፈለገውን ቃል ፈልጎ ዙሪያውን ያለውን ቁራጭ ብቻ ያነባል። ለምሳሌ ኤስኤስኤች መስመሩ ሞቶ እንደሆነ የሚያውቅበት ሰርቨርአላይቭኢንተርቫል የሚባለው ቅንብር እንዲህ ያመልጠዋል፤ መነሻው 0 ነው፤ ማለትም ጭራሽ አይጠይቅም። መብራት በሚጠፋበት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ የሚሠራ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል፤ ፎርዋርዱ ክፍት ይመስላል፣ ምንም ግን አያልፍበትም። ዛሬ ለኤጀንት አዲስ ገጽ የሚጽፍ ሰው ዋና ውለታው እነዚህን ከሦስቱ ገጾች ለቅሞ፣ ከኮማንዱ ጎን ማስቀመጥ ነው። ኮማንዱን ይጻፍ፤ ሲሳካ የሚታየውን፣ ሳይሳካ የሚመለሰውን ቁጥር፣ መድረሻውን የሚፈትሽበትን፣ የሚዘጋበትንም እዚያው ያስቀምጥ።

ሌሎችም በዚህ ረገድ ጥሩ የሠሩ አሉ። የኩበርኔቲስ የፖርት ፎርዋርድ ኮማንድ የራሱ የእገዛ ጽሑፍ፣ የተመረጠው ፖድ ሲያበቃ ፎርዋርዱም እንደሚያበቃና ለመቀጠል ኮማንዱን እንደገና ማስኬድ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። የዶከር መመሪያ ደግሞ የኮንቴነር ፖርትን ለውጭ መክፈት በመነሻው ለደኅንነት የማይመች መሆኑን፣ ከሆስቱ አልፎ ለውጭው ዓለም እንደሚታይ በግልጽ ጽፏል። የራስን መሣሪያ ድክመት በራስ መመሪያ ላይ መጻፍ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

በዚህ በኩል ግን ከኦፕንኤስኤስኤች የሰርቨር ማኑዋል የሚበልጥ አላውቅም። ቲሲፒ ፎርዋርዲንግን የሚከለክል ቅንብር አለ። አስተዳዳሪው ይህን ሲያገኝ «ተጠበቅሁ» ብሎ እፎይ ሊል ነው። ማኑዋሉ እዚያው ላይ ያስቆመዋል፤ ተጠቃሚዎቹ ሼል ካልተከለከሉ ይህ ቅንብር ደኅንነትን እንደማያሻሽል፣ የራሳቸውን ማሻገሪያ ሁልጊዜ መጫን እንደሚችሉ ይናገራል። ለኤጀንት ሼል የሚሰጥ ድርጅት ሁሉ ይህን አንቀጽ ደጋግሞ ቢያነበው እወዳለሁ። ተርሚናል የተሰጠው ኤጀንት አንድ በር ቢዘጋበት ሌላ በር ራሱ መሥራት ይችላል። አንድን ቁልፍ መገደብ የሚፈልግ ሰው የሚሻለው መንገድ የኤስኤስኤች ቁልፉ የተመዘገበበት መስመር ላይ ሁሉንም ፈቃድ ነስቶ፣ ፎርዋርዲንግን ብቻ መልሶ ፈቅዶ፣ የሚፈቀደውን አንድ መድረሻ ብቻ መጻፍ ነው፤ ማኑዋሉ እነዚህን አማራጮችም ይገልጻል።

ገጹ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መቀየሩ የሚጠቅመው አንድ የመጨረሻ ነገር አለ። ኤጀንት ከሥልጠናው ያስታወሰው የቆየ ሊሆን ይችላል። በተከፈተ የኤስኤስኤች ክፍለ ጊዜ ውስጥ የሞገድ ምልክትና ትልቁን ሲ ተጭኖ አዲስ ፎርዋርድ መጨመር ለዓመታት ይቻል ነበር፤ ብዙ ያረጁ ጽሑፎች ይህን ይመክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኦፕንኤስኤስኤች 9.2 ቅጂ ግን ይህን በመነሻው ዘጋው፤ የሚፈልገው ሰው በኮንፊገሬሽኑ ውስጥ ለይቶ መፍቀድ አለበት። ያስታወሰውን ብቻ የሚከተል ኤጀንት ቁልፎቹን ይጫናል፤ የጠበቀው አይመጣም። እዚያው ማሽን ላይ የተጫነውን ማኑዋል የከፈተ ግን ማሽኑ ላይ ያለውን ትክክለኛ ቅጂ የሚገልጽ ገጽ ነው የሚያነበው፤ ቅንብሩን በስሙ፣ መዘጋቱንም በግልጽ ተጽፎ ያገኘዋል።